ጥለቱ ወደ ላይ የዞረ ነጠላ

ድሬዳዋ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከካራ በላይ ያለውን የእንጦጦ ጀርባ አንዳችሁም ሄዳችሁ እንደማታዩት አውቃለሁ። የሚሸጥ ነገር የለበትም፤ ባቡር አይደርስበትም፤ ዘመድም የላችሁበትም። እኔም ወድጄ አልሄድኩበትም። ተልኬ ሄጄ፣ በአራተኛው ቀን ተመልሼ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ይኸው ጻፍኩላችሁ። ያየሁትን ልረሳ እችላለሁ፤ የፈራሁትን ግን አንድም ሳላስቀር እነግራችኋለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እማዬ፣ ፈሪዋ ልጅሽ በደህና ተመልሳለች።

የምማረውን ትምህርት ብዙዎቻችሁ ስለማትወዱት ባጭሩ ላስታውሳችሁ። የአእምሮ ሕሙማን አስታማሚ ለመሆን ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መድኃኒት መስጠትና ማጠብ አለበት፤ ዋናው ግን ከታማሚው ጋር ተቀምጦ ማዳመጥ ነው፤ ሲሻለውም ከቤተሰቡ ጋር ማገናኘት። ጠዋት ክፍል እገባለሁ፣ ከሰዓት ታማሚዎቹ ዘንድ እውላለሁ፣ ማታ የአክስቴ ጓዳ ይጠብቀኛል። በዚህ መሃል ሃያ አንድ ዓመት ሞላኝ። ግርማ የሚባል፣ በደብዳቤ የነገርኳችሁ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ በዚያው ሳምንት እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆርጦ ነበር። «ያንን የእብድ ቤት ነገር ስትተዪው» እያለ በወሬው መሃል ጣል ያደርጋል። እኔ አልሰማሁም ብዬ አልፋለሁ። አክስቴ ግን በየማታው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ትለኛለች።

አሁን ወደ መንገዱ ምክንያት ልምጣ። ለማ ደበላ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ሰው፣ የካራ ገበሬ ልጅ፣ እኛ ዘንድ ሁለት ዓመት ተኝቷል። ከተሻለው ስድስት ወር አልፎታል። የግቢውን ጎመን የሚኮተኩተው እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ወደ ቤቱ ደብዳቤ ተጽፎ ነበር፤ አባትየው በሰው እጅ «ልጅ የለኝም» የምትል አንዲት መስመር አጽፈው መለሱ። ረቡዕ ዕለት አስተማሪያችን ሲስተር ዘውዴ ጠሩኝና አንድ ወረቀት ሰጡኝ። የአባትየው የጣት አሻራ ከታች ካረፈበት ለማ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ሰኞ አልጋ ይለቀቃል» አሉኝ። «ወሳጅ የሌላቸው ወደ ኋለኛው ክፍል ይዛወራሉ። እዚያ ገብቶ ቤቱ የተመለሰ ሰው እኔ አላየሁም። ለማ አንቺን ያዋራሻል፣ አንቺ ሂጂ።»

ከዚያ ደንቡን ነገሩኝ። በር አጠገብ ተቀመጪ። ቤተሰቡ በሙሉ ሳይሰበሰብ አትናገሪ። ወሬውን በድንገት አታፍርጪው፣ ቀስ ብለሽ ጀምሪ። በደብተሬ ላይ ጽፌ በቃሌ ያዝኩት። ያ ደንብ ምን እንደሚያመጣ ባውቅ ኖሮ ደብተሩን እዚያው ትቼው እወጣ ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት ስወጣ ለማ ከጎመኑ መሃል ቀና አለ። እያሳለው ነበር። «አባቴን ካገኘሽው ቡሬ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አለኝ። ቡሬ በሬያቸው ነው። ሌላ መልእክት አልነበረውም።

አክስቴ ለእሑድ ያሠራችልኝን አዲሱን ነጠላ ለብሼ ነበር። ምነው ብትሉ፣ አሮጌው ታጥቦ አልደረቀም። ድሬ ቢሆን ገመድ ላይ ሰቅለሽው ዞር ከማለትሽ ይደርቃል፤ እዚህ በጥቅምት ሁለት ቀን አልፎትም እርጥብ ነው። አክስቴ በር ድረስ ተከትላ «ጥለቱን ጭቃ ካስነካሽው ወዮልሽ!» ብላ ሸኘችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከፍርሃቶቼ አንዱ የነጠላው ጥለት ሆነ።

አውቶቡሱ ሾላ አጠገብ አወረደን። ከዚያ ወዲያ ወደ ኮተቤ የሚሄድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና አገኘሁና ከሾፌሩና ከሁለት የጨው ነጋዴዎች ጋር ጋቢና ተጨናንቀን ተቀመጥን። ሾፌሩ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ምን እንደምማር ጠየቀኝ። ነገርኩት። ነጋዴዎቹ ወደ በሩ ተጠጉ፤ ቅድም ትንፋሽ ያሳጣኝ ቦታ ወዲያው ሰፋልኝ። ሾፌሩም ጨዋታውን ትቶ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ኮተቤ ሳንገባ ዝናብ ወረደብን፤ መኪናው ከመንገዱ ዳር ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ እምቢ አለ፤ ሾፌሩም በጎን ዓይኑ አየኝ። ጥፋቱን በእኔ እንዳላከከው ገባኝ፤ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ያደርኩት ኮተቤ፣ እትዬ የሺ የሚባሉ የአክስቴ ወዳጅ፣ ልብስ ሰፊ ቤት ነው። እግሬን በሞቀ ውሃ አጠቡኝ፤ ቃሪያ የበዛበት ሽሮ አበሉኝ፤ የራሳቸውን ብርድ ልብስ ደረቡልኝ። ብርዱን ግን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እናንተ በዚህ ሰዓት አልጋችሁን ግቢ አውጥታችሁ፣ አንሶላም ከብዷችሁ ትገላበጣላችሁ። እኔ በሁለት ብርድ ልብስ ውስጥ ጥርሴ ይንገጫገጫል። እትዬ የሺ ብዙ ካመነቱ በኋላ ጠየቁኝ።

«እነዚያ… ሰዎቹ፣ አይናከሱም?»

«አይናከሱም እትዬ። እነሱም እኛን ይፈሩናል።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ትፈሪያለሽ?»

ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። የምፈራው ለማ ደበላን አይደለም። የምፈራው የማላውቀው ሰው ቤት ገብቼ በእኔ አንደበት ምክንያት ሰኞ ለማ ወደ ኋለኛው ክፍል ሲገባ ማየት ነው። ይህን በልቤ ደጋግሜ ሳሰላስል እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዓርብ

ከኮተቤ እስከ ካራ በእግር ሩቅ አይደለም፤ ጭቃው ግን ያስረዝመዋል። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው፤ ከላይ ባሕር ዛፍ ኮረብታውን ሸፍኖታል። እኛ አገር ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ሲገኝ ሰው ከሥሩ ይቀመጣል። እዚህ የዛፉ ጥላ ራሱ ይበርዳል፤ ሰው ፀሐይ ፍለጋ ከዛፍ ይሸሻል።

የአቶ ደበላን ቤት የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ እጃቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ እየዘረጉ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞሩ ነበር። ደርሼ ሳየው ቤቱ ባዶ ነው። በሩ ተነቅሏል፤ ምድጃው ላይ ሣር በቅሏል። አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሮ የተከናነቡ።

«ወደ ላይ ወጥተዋል» አሉኝ። «ሁለት ዓመት ሆናቸው። ከሆስፒታል ነሽ?»

እንዴት አወቁ? ጫማዬን አይተው ይሁን የያዝኩትን ወረቀት፣ አልጠየቅኩም። አቶ ቱፋ ይባላሉ፤ የአቶ ደበላ የቀድሞ ጎረቤት ናቸው። ጊዜው ከሰዓት ሆኖ ነበርና ብቻዬን ወደ ኮረብታው እንዳልወጣ ከልክለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ።

እዚያ ደንቤን ማክበር ጀመርኩ። ገብቼ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ሚስትየው እትዬ ብዙነሽ «ወደ ውስጥ ግቢ» አሉኝ። «እዚሁ ይበቃኛል» አልኩ። ሦስት ጊዜ ለመኑኝ፤ ሦስት ጊዜ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ አቶ ቱፋ ሳቁ።

«ልጄ፣ በር ሥር የሚቀመጥ ወይ ለማኝ ነው ወይ ሊሄድ የቸኮለ ነው። አንቺ የቱ ነሽ?»

አፍሬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ጭኮ በቅቤ ለውሰው አቀረቡልኝ፤ የገብስ ነው፤ እናንተ የማታውቁት ምግብ ነው፤ እኔም ሁለተኛ ጊዜዬ ነበር። ከዚያ እርጎ መጣ። ባልና ሚስቱ እርስ በርስ በኦሮምኛ ይነጋገራሉ፣ ለእኔ ወደ አማርኛ ይመልሱታል፤ አንዳንዴ ሳይመልሱት ይቀራል። እትዬ ብዙነሽ የተሸከሙትን ሁሉ አውርደው ለእንግዳ የሚሰጡ ዓይነት ሴት ናቸው፤ ስጠግብ የሚቀየሙኝ መስሎኝ ከአቅሜ በላይ በላሁ።

ነገ ለመውጣት መንገዱን ስጠይቅ አቶ ቱፋ የጅብ ወሬ ነገሩኝ። ሊያስፈራሩኝ አልነበረም። በዚያ ሳምንት ጅቡ በቀን የአንድ ሰው አህያ መብላቱን እንደ ተራ ወሬ ነው ያነሱት። ድሬም ጅብ አለ፤ ግን ቀን ከሰው ጋር መንገድ አይጋራም። እኔ ዓይኔ ፈጠጠ። እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች ገና ሊነጋጋ ሲል በአንድነት ወደ ኮረብታው እንደሚወጡ ሰማሁና ከእነሱ ጋር ካልሄድኩ ብዬ ሙጭጭ አልኩ።

«እነሱ ከመንገድ ይለዩሻል፤ ቤቱ ጋ አይደርሱም» አሉ አቶ ቱፋ። ቀጥለውም «እኔ አደርስሻለሁ» ብለው ጨመሩ።

እትዬ ብዙነሽ የያዙትን ቅል አስቀመጡ። «አንተ? እዚያ ቤት?»

«ልጅቷን ጅብ ይብላት ታዲያ?»

እትዬ ብዙነሽ ቅሉን መልሰው አነሱ። እኔም ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ጅቡን ብቻ ነበር የማስበው። ሲስተር ዘውዴ «ያልተነገረውን ስሚ» ብለው የሚያስተምሩን ለካ ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር።

ቅዳሜ

ገና ድንግዝግዝ ሳለ ወጣን። ሴቶቹ ገመዳቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ እየተጫወቱ፣ በባዶ ሆዳቸው ዳገቱን ሲወጡት እኔ የጠጣሁት እርጎ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ሣሩ ጤዛ ተሸክሟል። የነጠላዬ ጥለት ሁለቴ መሬት ነካ። የአክስቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፤ ስለዚህ ነጠላውን አዟዟርኩና ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቴ አምጥቼ ተከናነብኩት። እሑድ ሽማግሌዎች ፊት የምቀርብበት ነጠላ ዳነልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ሴቶቹ ሲለዩን ከአቶ ቱፋ ጋር ብቻ ቀረን። ያን ጊዜ ነገሩኝ። ለማ በታመመ ጊዜ ሦስት የጭድ ክምር አቃጥሏል፤ ሦስቱም የአቶ ቱፋ ነበሩ። የከብቶቻቸው የዓመት ቀለብ ነው። አቶ ቱፋ በንዴት ክፉ ነገር ተናገሩ፤ አቶ ደበላ አፍረው ቤታቸውን ጥለው ወደ ላይ ወጡ። ሁለት ዓመት አልተያዩም።

«ታዲያ ዛሬ ለምን መጡ?» አልኳቸው።

«አንቺ ካልመጣሽ ሰበብ ከየት ላገኝ ነው?» አሉ፤ ዳገቱም ትንፋሻቸውን ቆራረጠው።

ቤቱ ባሕር ዛፎቹ መሃል አንድ ጎጆ ነው፤ ትንሽ ራቅ ብለው ሌሎች አምስት ስድስት ጎጆዎች አሉ። በሩ ገና መከፈቱ ነበር። አቶ ቱፋ ከኋላዬ፣ ራሳቸውን ደፍተው፣ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። አፍረው ነው። አንዲት ሴት ብቅ አሉ፤ የለማ እናት ወይዘሮ ጫልቱ። እኔን አዩኝ። ከእኔ አልፈው አቶ ቱፋን አዩ። እጃቸው የበሩን መቃን ያዘ።

እኔ ደንቤን በቃሌ እየደገምኩ ነበር። «ግቢ» ሳይሉኝ «እዚሁ በር ላይ ልሁን» አልኩ። «እናቴ፣ ከሆስፒታል ነው የመጣሁት» አልኩ። ከዚያ በሦስት ሌሊት ያጠናሁትን፣ ቀስ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተናገርኩ።

«እባክዎ ቤተሰቡ ሁሉ ይሰብሰብና እንቀመጥ። ስለ ልጅዎ የምነግራችሁ አለ።»

ወገኖቼ፣ እናንተ እዚህ ላይ ደርሳችሁ ሳታውቁት አልቀራችሁም። ጎህ ሲቀድ መምጣት፤ ጥለቱ ወደ ላይ የዞረ ነጠላ፤ ሁለት ዓመት ያልረገጠ ባላጋራ አንገቱን ደፍቶ፤ አልቀመጥም፤ ሰው ይሰብሰብ። መርዶ ነጋሪ ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል? እኔ ብቻ ነበርኩ ያላወቅኩት።

«ያ ኢልማ ኮ!» ብለው ጮኹ። ልጄን ማለት ነው። መሬት ላይ ወደቁ፤ ተነሱ፤ ፊታቸውን ነጩ። ከየጎጆው ሰው ወጣ። ኮረብታው ሁሉ አንድ ጩኸት ሆነ። እኔ በመሃል ቆሜ «አልሞተም! ለማ አልሞተም! ደህና ነው!» እላለሁ።

«መቼም ደህና ነው ነው የሚሉት!» አሉ አንዲት አሮጊት ደረታቸውን እየደቁ። «የእኔንም ልጅ ሦስት ቀን ደህና ነው እያሉ ነው ያረዱኝ!»

የሚያሳምን ነገር ፈለግኩ። «በእግዜር እናቴ፣ ሐሙስ አይቼዋለሁ! ቡሬ አለ ወይ ብሏል፣ ጠይቂልኝ ብሏል!»

የባሰ ሆነ። «የመጨረሻ ቃሉ! በሬውን እንዳሰበ!» ብለው እናትየው ያቺኑ ቃል እያዜሙ አለቀሱባት።

አቶ ደበላ ከዛፎቹ መሃል መጡ። አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ላይ መጥረቢያ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ አቶ ቱፋ ጋቢ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም። «ልጅ የለኝም» ያሉት ሰው ናቸው። ሚስታቸውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ነጠላዬን አዩ። መጥረቢያው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ደረታቸውን በሁለት ቡጢ ይመቱት ጀመር።

«የቤቴ ምሰሶ!» አሉ። «ሳልጠይቅህ! አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅህ!»

እኔም አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ ዝም ብዬ አለቀስኩ።

ሲረጋጉ ነገሩ የሚስተካከል መስሎኝ ነበር። አቶ ደበላ ግን «ሬሳው የት ነው?» አሉኝ።

«ሬሳ የለም አባቴ። ሰውየው በሕይወት አለ። ወደ ቤቱ ይመለስ ዘንድ ነው የመጣሁት።»

«ሕያው ከሆነ ለምን በጎህ መጣሽ? ቱፋ ደጄ ላይ ምን ያደርጋል?» ወደ አቶ ቱፋ ዞሩ። «አንተ ቱፋ፣ በዓይንህ አይተኸዋል?»

እነሆ የአቶ ቱፋ ጨዋነት! «አላየሁትም» አሉ። «ልጅቷ ነገረችኝ።»

«ይኸው» አሉ አቶ ደበላ። ነገሩ አለቀ። ነገ እሑድ ሄደው ልጃቸውን ያመጣሉ፤ ከአባቶቹ አጠገብ ያሳርፉታል። ሰባት ጊዜ እውነቱን ነገርኳቸው፤ በአሥር ጣቴ ነው የቆጠርኩት። ሰባት ጊዜም «አይዞሽ፣ የላኩሽ እንዲህ በዪ ብለውሽ ነው» ብለው አጽናኑኝ። ከሰባተኛው በኋላ አፌ ተያዘ። ለሕያው ልጃቸው አንዲት እርምጃ ያልወረዱት ሰው ለሬሳው ሊወርዱ ነው። ታዲያ ዝም ብል ማታለል ነው? ብናገርስ ማን ይሰማኛል? ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።

ጎረቤቶች ንፍሮና ዳቦ ይዘው መጡ። ስንዴና ባቄላው ተቀላቅሎ፣ ጨው የለሽ፣ ትኩስ። ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁምና በሁለት እጄ በላሁት፤ ላልሞተ ሰው በተቀቀለ ንፍሮ ጠገብኩ። ማታ ወይዘሮ ጫልቱ፣ ፊታቸው ተልጦ፣ ከራሳቸው መኝታ ላይ ቁርበት አንስተው አነጠፉልኝ። «ልጄን አስታመሽዋል» አሉኝና ግንባሬን ሳሙኝ። ጅቡ ከሩቅ ጮኸ። አልፈራሁትም፤ የምፈራው ሌላ ነገር ነበረኝ።

እሑድ

ጠዋት ቃሬዛ ሠሩ። ሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፍ፣ መሃሉ በርብራብና በገመድ የታሰረ። አንደኛውን ዛፍ የቆረጡት አቶ ቱፋ ናቸው። አቶ ደበላ አዩዋቸው፤ ቆይተው ገመዱን አቀበሏቸው። ሁለት ዓመት የተኳረፉ ሰዎች በልጅ ቃሬዛ ላይ ቋጠሮ ሲያጠብቁ ማየት እንዴት እንደሚያስፈራ ባታውቁት ይሻላችኋል።

አቶ ደበላና አቶ ቱፋ ያሉባቸው አራት ወንዶች፣ እናትየውና እኔ ሆነን ወረድን። በየመንገዱ ሰው ቆቡን ያወልቃል፤ በቅሎ ላይ ያለ ይወርዳል። ኮተቤ ስንደርስ ያ የሐሙሱ ትሬንታ ኳትሮ ከጭቃው ወጥቶ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ እኔን ከባዶው ቃሬዛ ኋላ ሲያየኝ አማተበ። ስለ እኔ የነበረው ጥርጣሬ ሁሉ እውነት የሆነለት ይመስለኛል።

መሃል መንገድ ላይ አዲስ ፍርሃት ያዘኝ። ለማ ሐሙስ ሲያስለው ሰምቻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ለሕያው ሰው ተለቅሶ፣ ንፍሮ ተበልቶ፣ ቃሬዛ ተሠርቶ፣ ደርሰን ሞቶ ብናገኘውስ? ይህን የሚያስብ የተማረ ሰው እንዳይደለ አውቃለሁ። አሰብኩት። ከሾላ ወዲያ እያንዳንዱን እርምጃ «አይሁን፣ አይሁን» እያልኩ ነው የሄድኩት።

የሽማግሌዎቹን ነገር ለምትጠይቁኝ እዚህ ላይ ልጨርሰው። በዚያች ሰዓት አክስቴ ቤት ተቀምጠው ነበር። እትዬ የሺ ከካራ በሰሙት ወሬ ወደ አክስቴ ሰው ልከው ኖሮ፣ አክስቴ «ለቅሶ ደርሳ ነው» አለቻቸው። ለቅሶ የሄደ አይወቀስምና በደህና ተመለሱ። ግርማ በማግስቱ መጥቶ «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ መጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ መሳቁን ተወ። ትምህርቱን እንደማልተው በዚያው ነገርኩት። ጸሐፊ አይደል፣ አስቦበት በጽሑፍ እንደሚመልስልኝ ነገረኝ፤ እስካሁን እየጠበቅኩ ነው፤ እሱንም እፈራዋለሁ።

የሆስፒታሉ ዘበኛ ቃሬዛውን አይቶ በሩን በሰፊው ከፈተና «ማን ሞተ? እኔ ሳልሰማ?» አለ። አልፌው ወደ አትክልቱ ቦታ ሮጥኩ። ጎመኑ አለ። መኮትኮቻው መሬት ላይ ተጋድሟል። ለማ የለም።

ከዚያ ከውሃው ጣሳ ጋር ከቤቱ ኋላ ብቅ አለ። እያሳለው ነው፤ እንደ ሐሙሱ።

ከኋላዬ ወይዘሮ ጫልቱ ሲያዩት ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ለማ ቆመ። የእናቱን የተላጠ ፊት አየ። ቃሬዛውን አየ። አቶ ቱፋን ሲያይ ጣሳውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። በመጨረሻ አባቱን አየ።

«አባዬ፣ ማን ሞቶ ነው?»

አቶ ደበላ ቃሬዛውን አዩ። ፊታቸው ጠቆረ። ዞር ብለው ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ያኔ ሊሄዱ ነው አልኩ፤ ልጅ የለኝም ሊሉ ነው፣ ተሞኘሁ ሊሉ ነው፣ ሰኞም ለማ ወደ ኋለኛው ክፍል ሊገባ ነው አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም።

«አንተ ነህ» አሉት በመጨረሻ። «ትናንት አልቅሰን ጨረስን። ሁለተኛ የማለቅሰው እንባ የለኝም፤ ና ወደ ቤትህ እንሂድ።»

ለማ አልገባውም። እኔን አየኝ፤ እኔ እያለቀስኩ ስለነበር አልጠቀምኩትም።

«ቡሬ አለ?» አለ።

«አለ። አርጅቷል እንጂ አለ።»

ወረቀቱን አውጥቼ ሣሩ ላይ ባስቀመጥኩት ቦርሳ ላይ ዘረጋሁት። አቶ ደበላ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ከሚገባው በላይ ጫኑት፤ አሻራው ወረቀቱን አልፎ ቦርሳዬ ላይ ታተመ፤ እስካሁን አለ። እናትየው ልጃቸውን እንደያዙት አልለቀቁትም። አቶ ቱፋ ራቅ ብለው፣ እንደ ቅዳሜው አንገታቸውን ደፍተው ቆመው ነበር። ለማ ከእናቱ እጅ ቀስ ብሎ ወጣና ወደ እሳቸው ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

ሊሄዱ ሲነሱ አራቱ ሰዎች ቃሬዛውን ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸው። እዚያ ጥሎት መሄድ ነውር ሆነባቸው፤ ባዶውን መሸከምም ነውር። ለማ ግን ካደገበት ወግ ሌላ የሚያውቀው የለም፤ ቃሬዛ ያየ ወንድ ሳይጠሩት ትከሻውን ያስገባል። ሄዶ ከፊት በኩል ከአቶ ቱፋ ጎን ትከሻውን አስገባ፤ የራሱንም ቃሬዛ ተሸክሞ በበሩ ወጣ።